የኢብን በጡጣን መንገድ በካርታ መከተል፦ ከደማስቆ እስከ ዘይላ፣ ከማሌ እስከ ማሊ



በዶርም ክርክርም ሆነ በስልክ በሚዘዋወሩ መልእክቶች “ኢብን በጡጣ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል” ተብሎ ማስረጃ ሲቀርብ ብዙዎቻችን ሰምተናል። አንዱ በዚህ መጽሐፍ አንድን ታላቅ ዓሊም ይከስሳል። ሌላው በአንዲት ዓረፍተ ነገር የዘይላን ሕዝብ ያንቋሽሻል። ሌላው ደግሞ የማሊን ክብር ይተርክበታል። መጽሐፉን ከፍቶ፣ ካርታ ዘርግቶና ቀኑን ቆጥሮ “ይህ ቦታ የት ነው? በዚያ ቀን እዚያ ሊደርስ ይችል ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ደርስ ይህንኑ እናደርጋለን። ከሪሕላው ጥቂት ጣቢያዎችን መርጠን ዛሬ በመሬት ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን። ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ታዘናል። ሰባት መቶ ዓመት የሞላው ወሬም ከዚህ ትእዛዝ ውጭ አይደለም።

1. መጽሐፉ እንዴት ተጻፈ?

ኢብን በጡጣ በ703 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1304) በዛሬዋ ሞሮኮ በጠንጃ (ታንጂር) ከተማ፣ ከቃዲዎች ቤተሰብ ተወለደ። በ725 ሂጅሪያ ረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. 1325) ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ከቤቱ ሲወጣ ዕድሜው 21 ነበር፤ የብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ማለት ነው። ሐጁን ፈጽሞ ይመለሳል ሲባል ኢራቅን፣ የመንን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ፣ አናቶሊያን፣ የቮልጋን ምድር፣ ሕንድን፣ ማልዲቭስንና ቻይናን ዞሮ አገሩ የገባው በ1349 ነው። ከዚያም ወደ አንዳሉስ፣ በመጨረሻም ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ ሄዷል። የሄደበት መንገድ ተደምሮ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ለዛሬው ትምህርታችን ዋናው ነገር ግን መጽሐፉን በእጁ አለመጻፉ ነው። የፌዝ ሱልጣን አቡ ዒናን ባዘዙት መሠረት፣ ኢብን ጁዘይ የተባለ የግራናዳ ተወላጅ ጸሐፊ እሱ የተረከውን እያሳጠረና እያሳመረ አዘጋጀው። ሥራው በ756 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1355) ተጠናቀቀ። ኢብን በጡጣ ሲተርክ ያየው ነገር ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ማስታወሻውም በሙሉ በእጁ አልነበረም፤ በቡኻራ ከዓሊሞች መቃብር ላይ የገለበጠውን ጽሑፍ በሕንድ ባሕር በዘራፊዎች እንደተቀማ ራሱ ተናግሯል።

ሌላም አለ። ስለ ደማስቆ፣ ስለ መካና ስለ መዲና የተጻፈው ብዙው ገለጻ የተወሰደው ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1183 እስከ 1185 ከተጓዙት ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ ነው። የፍልስጤም ክፍልም ከአል-ዐብደሪ የጉዞ መጽሐፍ ብዙ ወስዷል። በዚያ ዘመን ከቀደመ መጽሐፍ መውሰድ ዛሬ እንደሚታየው ስርቆት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ለእኛ ግን ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአንድ ገጽ ላይ ያየው፣ የሰማውና ከሌላ ኪታብ የተጨመረው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው።

መጽሐፉ ገና ከመነሻው አከራክሯል። ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው እንደነገሩን፣ ኢብን በጡጣ ስለ ዴልሂው ሱልጣን ልግስና ሲያወራ የቤተ መንግሥት ሰዎች ውሸታም ነው እያሉ ያንሾካሽኩ ነበር። ኢብን ኸልዱንም ጉዳዩን ለአንድ ዋዚር አነሱላቸው። ዋዚሩ ስላላየኸው ብቻ አትካድ ብለው ምሳሌ መሰሉላቸው፦ በእስር ቤት ተወልዶ ያደገ ልጅ አባቱ ስለ በግ ሲነግረው “እንደ አይጥ ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ከአይጥ በቀር እንስሳ አያውቅምና። ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን ነው። ሳያጣሩ ማመን ስሕተት እንደሆነ ሁሉ፣ አላየሁትም ብሎ መካድም ስሕተት ነው።

እንግዲህ በየጣቢያው ሦስት ጥያቄ እናነሳለን። ቦታው ዛሬ አለ ወይ፣ ገለጻውስ ከመሬቱ ጋር ይገጥማል? ቀኑና ርቀቱ ይስማማሉ? ወሬውን ያገኘው አይቶ ነው፣ ሰምቶ ነው፣ ወይስ ከመጽሐፍ?

2. ከካይሮ እስከ ደማስቆ፦ ቀን መቁጠር

ኢብን በጡጣ ወደ ጅዳ ለመሻገር መጀመሪያ በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ዐይዛብ ሄዶ ነበር። የቤጃው መሪ ከግብጽ መምሉኮች ጋር ተጣልቶ መርከቦቹን ስላሰጠመ ወደ ካይሮ ተመለሰ። መጽሐፉ እንደሚለው በ726 ሂጅሪያ በሻዕባን አጋማሽ ከካይሮ ወደ ሻም ተነሣ፤ ደማስቆ የገባውም በዚያው ዓመት ረመዳን 9 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከ25 ቀን አይበልጥም።

አሁን ካርታውን እንመልከት። በነዚህ ቀናት ውስጥ ጋዛን፣ አል-ኸሊልን፣ ቁድስን፣ ዐስቀላንን፣ ዐካን፣ ሱርን፣ ቤይሩትን፣ ትሪፖሊን፣ ሐማን፣ ሐለብን፣ አንጾኪያን፣ ላዚቂያንና በዐልበክን እንዳየ ተጽፏል። በግመልና በበቅሎ ይህን ሁሉ አዳርሶ ደማስቆ መግባት አይቻልም። ተመራማሪዎች የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። ኢብን በጡጣ ሻምን የረገጠው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሆነ፣ በተለያየ ጊዜ ያያቸው ከተሞች በአንድ ጉዞ ውስጥ ተሰብስበዋል። ከተሞቹ እውነተኛ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የጸሐፊው ነው።

ይህን ከያዝን በኋላ ወደ ታዋቂው ወሬ እንምጣ። መጽሐፉ ኢብን በጡጣ በጁሙዓ ቀን በደማስቆ መስጂድ ተገኝቶ፣ ሸይኹል ኢስላም ኢብን ተይሚያ (ረሒመሁላህ) በሚንበር ላይ የአላህን መውረድ ከራሳቸው ከሚንበር መውረድ ጋር ሲያመሳስሉ አየ ይላል። በየክርክሩ እንደ ዓይን ምስክርነት የሚመዘዘው ይህ ነው።

በታሪክ ምንጮች እንደተመዘገበው ግን ኢብን ተይሚያ በ726 በሻዕባን ወር በደማስቆ ምሽግ (ቀልዓ) ታስረዋል። ከዚያ ሳይወጡ በ728 ዙልቀዕዳ ወር (እ.ኤ.አ. 1328) እዚያው አረፉ። ኢብን በጡጣ ደማስቆ የገባው በረመዳን ነው። በኋላ ዳግም ሲመለስ ደግሞ ሸይኹ በሕይወት አልነበሩም። በተጨማሪም የዚያ መስጂድ ኸጢብ ጀላሉዲን አል-ቀዝዊኒ እንደነበሩ ራሱ መጽሐፉ ይናገራል። ስለዚህ “በዓይኑ አየ” የሚለው ክፍል ከራሱ ከመጽሐፉ ቀን ጋር አይስማማም።

ከዚህ ምን እንወስዳለን? ኢብን በጡጣ አውቆ ዋሸ ማለት አይደለም። ሌላ ሰው አይቶ ሊሆን ይችላል፤ በከተማው ይወራ የነበረውን ሰምቶ ከዓመታት በኋላ እንዳየው አድርጎ አስታውሶት ወይም በዝግጅቱ ጊዜ ተጨምሮ ሊሆንም ይችላል። የዐቂዳውን ክርክርም ይህ ደርስ አይፈታም። ዓሊሙን የሚደግፍም የሚተችም ሰው በራሳቸው ኪታቦች ይነጋገር። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሪዋያ እንደ ዓይን ምስክርነት መቅረብ የለበትም።

ስለዚያው ከተማ ሌላ ነገርም ይነግረናል። በኡመያድ መስጂድ ሶሒሕ አል-ቡኻሪ ሲነበብ ተቀምጦ አዳምጧል፤ ኢጃዛ ከሰጡት ሰዎች መካከልም ሴት ሙሐዲሳዋን ዘይነብ ቢንት አሕመድን ይጠቅሳል። ዘይነብ በዘመኑ ከታወቁት የሐዲስ መምህራን አንዷ መሆናቸውን ሌሎች ምንጮችም ይመሰክራሉ። ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ሰው አፍ፣ አንዱ ወሬ ሲወድቅ ሌላው ቆሟል።

3. ከዘይላ እስከ ኪልዋ፦ በራሳችን ጠረፍ

እ.ኤ.አ. ከ1330 ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ፣ ኢብን በጡጣ ከዐደን ተነሥቶ በአራት ቀን የባሕር ጉዞ ዘይላ ደረሰ። ሰዎቿን “በርበራ” ይላቸዋል፤ ሻፊዒያዎች እንደሆኑ፣ ሀብታቸው ግመልና በግ እንደሆነ፣ ከተማዋም ትልቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ እንደሆነች ይገልጻል። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚጠቀሰው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው የግመል ደም ምክንያት ክፉኛ ትሸታለች ይላል። ባሕሩ ቢናወጥም ከተማ ውስጥ ከማደር መርከብ ላይ ማደርን መረጠ።

ቦታው አያጠራጥርም። ዘይላ ዛሬም በዚያው ስሟ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ በሶማሌ ጠረፍ ላይ አለች። ሁለት ሚሕራብ ያለው መስጂደል ቂብለተይን ፍርስራሹ እዚያ ይታያል። ለእኛ አገር ታሪክ ዘይላ በር ነበረች፤ የይፋት፣ በኋላም የሐረር ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወጣባት፣ ለዒልም ወደ የመንና ወደ ሚስር የሚሄደው ደረሳም የሚሻገርባት።

እንግዲህ ምስክሩ ምን ያህል ቆየ ብለን እንጠይቅ። የአንድ ሌሊት እንግዳ ነው፤ ያውም ከመርከብ ሳይወርድ ያደረ። ወደብ ላይ ዓሣ መሽተቱ፣ በገበያ ቀን የእርድ ደም መታየቱ የሚታመን ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ ወይም እምነት ፍርድ ለመስጠት ግን አንድ ሌሊት አይበቃም። ያን ጊዜ በደጋው ዓፄ ዓምደ ጽዮን ነግሠው ነበር፤ በይፋት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ነበረ። ኢብን በጡጣ ጥቂት ቀን ወደ መሐል አገር ቢጓዝ ኖሮ የዚያ ዘመን ታሪካችን የዓይን ምስክር ባገኘ ነበር።

ያን ክፍተት የሞላው ሌላ ሰው ነው። ኢብን ፈድሊላህ አል-ዑመሪ (እ.ኤ.አ. 1349 ያረፉት) አገራችንን አንድም ቀን አልረገጡም። ሆኖም ይፋትን፣ ደዋሮን፣ አረባብኒን፣ ሐድያን፣ ሸርኻን፣ ባሌንና ዳራን፣ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች፣ አንድ በአንድ መዝግበውልናል። ከዚያ የመጡ ሰዎችን፣ በተለይም ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒን፣ ጠይቀው ማን እንደነገራቸው እየገለጹ ጻፉ። ደጃፍ ደርሶ ከመለሰ የዓይን ምስክር ይልቅ፣ በሩቅ ሆኖ ሰነዱን እየጠቀሰ የጠየቀ ዓሊም የበለጠ ጠቀመን። “አየሁ” የሚለው ቃል ብቻውን የወሬን ክብደት እንደማይወስን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ከዘይላ በ15 ሌሊት ሞቃዲሾ ደረሰ። እዚያ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ገለጻውም ይለወጣል። ሱልጣኑ በራሳቸው ቋንቋ እየተናገሩ ዐረብኛም እንደሚያውቁ፣ የሚመጣ ፈቂህ አስቀድሞ ለሱልጣኑ እንደሚቀርብ ይነግረናል። የቀረበለትንም ምግብ ይዘረዝራል፦ በቅቤ የተሠራ ሩዝ ከነወጡ፣ በወተት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ እርጎ ከሎሚ፣ ከዝንጅብልና ከማንጎ ጋር። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያልበላ ሰው አይፈጥረውም። እ.ኤ.አ. በ1269 የተሠራው የፈኽሩዲን መስጂድም እሱ ሲደርስ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ዛሬም በሐማር ወይን ሠፈር ይገኛል።

ኪልዋ በዛሬዋ ታንዛኒያ ጠረፍ ያለች ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። ኢብን በጡጣ ሱልጣኗን ሐሰን ኢብን ሱለይማንን ለጋስ ይላቸዋል፤ ከጁሙዓ ሰላት ሲወጡ አንድ ድሃ ልብሳቸውን ቢለምናቸው አውልቀው እንደሰጡትም ይተርካል። በ1960ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ በሑሱኒ ኩብዋ ቤተ መንግሥት የዚህኑ ሱልጣን ስም የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኘ። ስሙን መሬት መሰከረለት። ነገር ግን ኢብን በጡጣ ከተማዋ በሙሉ የእንጨት ናት ሲል፣ ቤተ መንግሥቱም ታላቁ መስጂድም ከባሕር ድንጋይ (ኮራል) የታነጹ ሆነው ተገኙ። ምናልባት ያየው የተራውን ሕዝብ ቤት ይሆናል፤ ምናልባትም ከሃያ ዓመት በኋላ ከሌላ ከተማ ጋር ተምታቶበት ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ገጽ፤ በአንዱ ትክክል፣ በሌላው ስሕተት።

4. ማሌ፦ በአንድ ጥርስ የሚለያዩ ሁለት ስሞች

ኢብን በጡጣ ከሕንድ በኋላ በ1343 ማልዲቭስ ገባ፤ በዋና ከተማዋ በማሌም ቃዲ ሆኖ ሠራ። ደሴቶቹ የሰለሙት በአቡል በረካት አል-በርበሪ አል-መግሪቢ እጅ እንደሆነ፣ ይህንንም በጁሙዓ መስጂዱ እንጨት ላይ ተቀርጾ እንዳነበበ ጽፏል። ራሱ የመግሪብ በርበር ስለሆነ ወሬው እንዳስደሰተው መገመት ይቻላል።

የማልዲቭስ የራሷ ታሪክ መጽሐፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1153 ሱልጣኑን ያሰለሙት ዩሱፍ አት-ተብሪዚ ናቸው ይላል፤ የፋርስ አገር የተብሪዝ ሰው ማለት ነው። ታዲያ ማን ተሳሳተ? የጥንቱ የዐረብኛ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ነጥብ አይደረግበትም። ነጥቦቹ ሲነሱ “ባ”፣ “ታ” እና “ያ” በቃል መካከል አንድ ዓይነት ትንሽ ጥርስ ናቸው፤ “ራ” እና “ዛይ”ም አንድ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ “አል-በርበሪ” እና “አት-ተብሪዚ” የሚለያዩት በአንዲት ጥርስ ብቻ ነው። በእንጨት ላይ ለተቀረጸና ዘመን ለበላው ጽሑፍ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ኢብን በጡጣ እንጨቱን አይቷል፤ ያነበበው ግን ልቡ የወደደውን ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛም ግምት አለ፤ እሱም እኛን ይነካል። “አል-በርበሪ” ቢሆን እንኳ የግድ የመግሪብ በርበር ማለት አይደለም። ኢብን በጡጣ ራሱ የዘይላን ሰዎች “በርበራ” ብሎ እንደጠራቸው አይተናል። በርበራ የሚባለው ወደብም በዚያው ጠረፍ ዛሬም አለ። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሰውዬው ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ ብለዋል። ደስ የሚል ግምት ነው፤ ነገር ግን ግምት ነው። ኢብን በጡጣ ለወገኑ እንዳደላ ጠርጥረን፣ እኛ ለወገናችን ስናደላ ዝም ማለት አይገባንም። በየመድረኩ “ማልዲቭስን ያሰለሙት የእኛ ሰዎች ናቸው” ብሎ ከማወጅ “እንዲህ የሚል አስተያየት አለ” ማለት ለአማናው ይበቃል።

5. ቡልጋር፦ እውነተኛ ወሬ፣ የሌለ ጉዞ

በረመዳን ወር ከወርቃማው ሆርዴ ገዥ ከኡዝበክ ኻን ሰፈር ከቢሽ ዳግ ተነሥቶ በአሥር ቀን የቮልጋዋን ቡልጋር እንደደረሰ፣ ሦስት ቀን ቆይቶም በዚያው ረመዳን ወደ ሰፈሩ እንደተመለሰ ተጽፏል። ቢሽ ዳግ “አምስት ተራራ” ማለት ነው፤ ዛሬ በሩሲያ ያችው ከተማ በዚያው ትርጉም ፒያቲጎርስክ ትባላለች። የቡልጋር ፍርስራሽ በታታርስታን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሁለቱም ቦታዎች ስላሉ መለካት እንችላለን። በመካከላቸው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። በአሥር ቀን ለመድረስ በየቀኑ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በዚያ ሜዳ በጋሪ የሚሄድ መንገደኛ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ጉዞ አልተጓዘውም ይላሉ።

የሚገርመው ግን የተነገረው ነገር ትክክል መሆኑ ነው። እዚያ ሌሊቱ እጅግ አጭር ከመሆኑ የተነሣ ከኢፍጣር ሳይነሱ የዒሻ አዛን እንደሚሰማ፣ ተራዊሕና ዊትር ተሰግዶ ሲያበቃ ጎሕ እንደሚቀድ ይነግረናል። በሰሜን ኬክሮስ በበጋ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በስዊድንና በኖርዌይ ያሉ ወገኖቻችን በበጋ ረመዳን የሚያውቁት ጥያቄ ነው። ከእሱ አራት መቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ922፣ ከባግዳድ ተልከው ቡልጋር የደረሱት ኢብን ፈድላንም የሌሊቱን ማጠር ጽፈው ነበር። ወሬው እውነት ነው፤ አምጪው ግን የዓይን ምስክር አይደለም። የወሬን ይዘትና የወሬን ሰነድ ለይቶ መመዘን ማለት ይህ ነው።

6. ማሊ፦ ያልተገኘች ከተማ

የመጨረሻው ጉዞ በ1352 ተጀመረ። ከሲጂልማሳ በ25 ቀን ተጋዛ ደረሰ፤ ቤቱና መስጂዱ ከጨው ድንጋይ ተሠርቶ በግመል ቆዳ የተከደነባት የጨው ማዕድን። በማሊ ጨው እንደ ወርቅና ብር እየተቆረጠ ይገበያዩበታል ይላል። አሞሌ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተጋዛ ዛሬ በሰሜን ማሊ በረሃ ፍርስራሽ ናት። ቀጥሎ የደረሰባት ወላታ ደግሞ በሞሪታኒያ እስከ ዛሬ የሚኖርባት ከተማ ናት።

ከወላታ በ24 ቀን የመንሳ ሱለይማንን ዋና ከተማ ደረሰ። እንግዳ መቀበያ ተልኮልሃል ሲባል ካባና ገንዘብ ጠበቀ፤ የመጣለት ግን ሦስት ዳቦ፣ የተጠበሰ ሥጋና በቅል የተሞላ እርጎ ነበር፤ ሳቀም። ለራሱ ክብር የማይጨምርለትን እንዲህ ያለ ነገር መተረኩ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል። በአገሩ ፍትሕ እንዳለ፣ መንገደኛ ያለ ፍርሃት እንደሚሄድ፣ ለጁሙዓ በማለዳ ቦታ ያልያዘ ሰው ከብዛቱ የተነሣ መስገጃ እንደሚያጣ፣ ልጆች ቁርኣን እስኪሐፍዙ ድረስ እንደሚታሰሩ ይናገራል። የወደደውንም የነቀፈውንም አስቀምጧል።

ይህች ከተማ የት ነበረች? እሱ የሚነግረን ሰንሰራ የሚባል ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አሥር ማይል ያህል እንደሄደ ነው። ብዙዎች በዛሬዋ ጊኒ የምትገኘውን ኒያኒን ጠቁመው ቁፋሮም ተካሂዶባታል፤ ውጤቱ ግን ሁሉንም አላሳመነም፤ ሌሎች ቦታዎችም እየተጠቆሙ ነው። የዚያን ዘመን ባለ ጸጋ መንግሥት መቀመጫ በዓይኑ አይቶ የጻፈልን ሰው አለ፤ ቦታው ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቦታው ስላልተገኘ ወሬው ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ የዋዚሩን የበግና የአይጥ ምሳሌ እናስታውሰው።

7. ምን ተማርን?

አንደኛ፣ “ኢብን በጡጣ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም?” የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። የሚመዘነው እያንዳንዱ ወሬ ነው። የኪልዋው ሱልጣን ስም ጸንቷል፣ እንጨቱ ወድቋል። የዘይነብ ኢጃዛ ቆሟል፣ የሚንበሩ ወሬ ወድቋል። የቡልጋር ሌሊት እውነት ነው፣ ጉዞው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያው በእጃችን ነው። የደማስቆን ጉዳይ ለመመርመር ያስፈለገን የራሱ የመጽሐፉ ቀንና የአንድ ዓሊም የእስር ዘመን ብቻ ነው። ለቡልጋር ካርታና ማካፈል በቅቷል። የምሕንድስናም፣ የሕክምናም፣ የሕግም ተማሪ ይህን ይችላል። እንግሊዛዊው የዐረብኛ ሊቅ ቲም ማኪንቶሽ ስሚዝ ከ2001 ጀምሮ በሦስት መጻሕፍት የኢብን በጡጣን መንገድ በእግርና በመርከብ ተከትሏል፤ እኛ ቢያንስ በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ላይ ልንከተለው አያቅተንም።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ማጣራት ለምንጠላው ወሬ ብቻ አይደለም። የሸይኹን ስም የሚነካው ወሬ ሲወድቅ ደስ ብሎን፣ ስለ ማልዲቭስ የሚያኮራንን ግምት ሳንመረምር ከተቀበልን፣ ያጣራነው ወሬውን ሳይሆን ስሜታችንን ነው። ዘይላን የሚያንቋሽሸውን ወንድም የምናርመውን ያህል ማሊን ያለ ልክ የሚያጋንነውንም ማረም አለብን። አንድ መልእክት ለጀማዓው ግሩፕ ከመላካችን በፊት ማን አለ፣ የት ሆኖ፣ መቼ ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከተላለፈ በኋላ የሚያስነሳው ፊትና ግን በሰሚስተርም አይበርድም።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ. “አየሁ” ያለ ሰው ወሬ የማይቀበሉበት፣ “ሰማሁ” ያለው ደግሞ የሚቀበሉበት ሁኔታ አለን? ዘይላንና አል-ዑመሪን በማነጻጸር ተወያዩ።

ለ. ከየመጣችሁበት አካባቢ በታላላቆች የሚነገር አንድ የዓሊም ጉዞ ምረጡ። ቦታዎቹን በካርታ ላይ አስቀምጡ፣ ቀኖቹን ቁጠሩ። የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ለዩ።

ሐ. በዚህ ወር በስልካችሁ ከደረሷችሁ ታሪካዊ ወሬዎች አንዱን በሦስቱ ጥያቄዎች መዝኑ፤ ውጤቱን በሚቀጥለው ሐለቃ አቅርቡ።

አላህ ጠቃሚውን ዒልም ይስጠን፤ ምላሳችንንም ጣታችንንም ካላወቅነው ነገር ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።